ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ማን ይቁጠራቸው?

ይህ ምልልስ የሚካሄደው ነቀምት ከተማ፣ በከኒሳ ቀሴ ነው። ሁለቱ ተናጋሪዎች የአንድን ክርክር ሁለት ወገን እንዲይዙ ጸሐፊው ያቆማቸው ናቸው እንጂ በስም የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም። ነርሷ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ብዙ ዘመን የሠራች ናት። መርማሪው የወረርሽኝ ቅኝት ባለሙያ ነው። የሚከራከሩት በአንድ ሰፈር ሕፃናት ላይ ተቅማጥና ትውከት ሲበዛ፣ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን መርምሮ ማወቅ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ ነው።

ነርሷ፦ እኔ የምነሳው ከታመመው ልጅ ነው ዶክተር። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ሕፃን ታቅፋ የመጣችን እናት ስለ ቫይረስና ባክቴሪያ እየጠየቅሁ አላቆማትም። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመለስ አያለሁ። መጠጣት ከቻለ ኦ አር ኤስ በማንኪያ፣ ካልቻለ በደም ሥር ፈሳሽ እሰጣለሁ። ከዚያ ዚንክ ለ10 ቀን፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20። ጡት እንዳታቋርጥበት እመክራታለሁ። ሮታ ቫይረስም ይሁን ኖሮ ቫይረስ ሕክምናው ያው ነው። ታዲያ ሰገራ ልቀበል፣ በበረዶ ልያዝ፣ አዲስ አበባ ድረስ ልላክ ብል ለዚያ ሕፃን ምን ጨመርኩለት? የነዳጁ ገንዘብ ኦ አር ኤስ ቢገዛበት አይሻልም ወይ?

መርማሪው፦ ስለ አንዱ ሕፃን የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው ሲስተር። ለናሙና ሲባል ፈሳሽ የሚዘገይበት ልጅ ካለ ያ ምርመራ ባይደረግ ይሻላል። ልዩነታችን የሚመጣው ከአንድ መንደር አምስተኛውና ስድስተኛው ልጅ በተከታታይ ቀናት ሲመጡ ነው። ለልጁ የሚሰጠው ሕክምና አንድ ቢሆንም ለመንደሩ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። የተበከለው ምንጩ ከሆነ ሥራው ምንጩን መጠበቅና ውሃውን ማከም ነው። ልጆቹ የታመሙት በአንድ ድግስ ከቀረበ ምግብ ከሆነ መፈለግ ያለበት ምግቡና ያዘጋጀው እጅ ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከእናት እጅ ወደ ታናሽየው አፍ የሚሄድ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ምንጩ ላይ ክሎሪን ብንጨምርም በየቤቱ መተላለፉ ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ልጆች እርስዎ ያድኗቸዋል። እኔ የምጨነቀው ለሚቀጥሉት ስልሳ ነው። እነሱ ገና አልታመሙም፤ ስለዚህ በእርስዎ መዝገብ ላይ የሉም።

ነርሷ፦ ለዚያማ የቅኝት ሥርዓት አለን። በየሳምንቱ ሪፖርት እንልካለን። አተት፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የተጠረጠረ ቀን ደግሞ ከዞንም ከክልልም መኪና ይመጣል።

መርማሪው፦ የሚመጣው አተት ሲጠረጠር ነው፤ የሚጠረጠረው ደግሞ በኮሌራ መስፈርት መሠረት ነው። ኮሌራ ባልታወጀበት አካባቢ ዓለም አቀፉ የኮሌራ ቁጥጥር ግብረ ኃይል ያስቀመጠው መስፈርት ተጠርጣሪ የሚለው ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ ይዞት ፈሳሹ ክፉኛ የተሟጠጠ ወይም በዚሁ የሞተ ሰው ነው። የቀድሞው የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ወሰኑን 5 ዓመት ላይ ያደርገው ነበር። ወሰኑ ያለ ምክንያት አልተሰመረም። ሕፃናት በሌላ ብዙ ምክንያት፣ በተለይም በቫይረስ፣ ስለሚያስቀምጣቸው ኮሌራን የሚፈልግ ሰው እነሱን ቢጨምር መለየት ያቅተዋል። ለኮሌራ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ግን ወሰኑ እንዲህ ከተሰመረ ከወሰኑ በታች የቀሩትን የሚቆጥር ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 12 ከመቶ የሚሆኑት ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር አሳይቷል፤ በብዛት የተያዙትም ከ6 እስከ 23 ወር ያሉት ናቸው። በሽታው የሚበዛበት ዕድሜና የወረርሽኝ መስፈርታችን የማያየው ዕድሜ አንድ ሆነዋል ማለት ነው። አርባ ሕፃናት በአንድ ሳምንት ቢመጡ በመዝገብዎ ላይ አርባ መስመር ይሆናሉ፤ አንድ ክስተት ነው ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም።

ነርሷ፦ ክስተት ቢባልም ባይባልም ሥሩ ይታወቃል፤ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነው። በዚሁ በነቀምት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ አካባቢያዊ መንስኤዎች የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ከመቶ 29 ገደማ ነበሩ። ውሃው ይስተካከል፣ ቆሻሻው ይነሳ፣ ሁሉም ይቀንሳል። ጀርሙን በስም መጥራት ለሳይንቲስት እንጂ ለከተማው አስተዳደር ምን ያደርግለታል?

መርማሪው፦ ውሃው ይስተካከል በሚለው ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ በየትኛውም ክርክር ከዚያ ወደ ኋላ አልልም። ነገር ግን ጥናቱ የቤቱን ሁኔታ ይጠይቅ ነበር እንጂ ጀርሙን አልፈለገም፤ ስለዚህ ከእነዚያ 29 ስንቱ በውሃ እንደመጣ፣ ስንቱ በእጅ እንደተላለፈ ከእርሱ አናገኝም። ውሃ ብቻውን ሮታ ቫይረስን እንደማያቆም የሚያስረዳን ሌላ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ውሃው በቧንቧ፣ ፍሳሹ በቱቦ ነው። ሆኖም ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት እዚያም ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው በሮታ ቫይረስ ይያዝ ነበር፤ በየዓመቱም ከ55 ሺህ እስከ 70 ሺህ ሕፃናት በዚሁ ሆስፒታል ይተኙ ነበር። የሚሞቱት ግን በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ፈሳሽ በጊዜ ያገኛሉና። የታመመ ልጅ በአንድ ግራም ሰገራው ብዙ ቢሊዮን ቫይረስ ያወጣል፤ ሌላውን ለመያዝ ደግሞ መቶ እንኳ የማይሞላ ይበቃል። በዚህ ስሌት የሕፃኑን ጨርቅ ለውጣ እጇን በውሃ ብቻ ለቅለቅ ያደረገች እናት ምንም ያህል ንጹሕ ውሃ ብትቀዳ ቫይረሱ ወደ ታላቅዬው እንዳይሄድ ማድረግ አትችልም። የሕፃን ሰገራ አይጎዳም የሚለው በብዙ ቤት ያለ እምነት ሲጨመርበት መንገዱ ይበልጥ ይሰፋል። ቫይረስ መሆኑን ያወቀ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን ከምንጩ ይልቅ ልጅ ወደታመመበት ቤት ይልካል። ሳሙና ይዘው ይሄዳሉ፤ ያስታወከበት ወለልና የተቀመጠበት ዕቃ በበረኪና እንዲጸዳ ያሳያሉ። ኖሮ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ከኮቪድ ወዲህ የለመድነው የእጅ ሳኒታይዘር ደካማ መሆኑን፣ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ እንደሚሻል ይናገራሉ።

ነርሷ፦ እናቶቹስ ምን ይላሉ? «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይላሉ። እርስዎ ስለ ቫይረስ ሲያስረዱ ልጁ የወተት ጥርሱን ሊያስወጡት ወደ ባህላዊ አዋላጅ ተወስዷል።

መርማሪው፦ ይህ እኮ ለእኔ ክርክር ድጋፍ ነው። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜና ሮታ ቫይረስ የሚበረታበት ዕድሜ አንድ ነው። እናትየዋ ሁለቱን አብራ ማየቷ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ ያለው አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረጉ ላይ ነው። ይህን ስህተት በትምህርት ብቻ ማሸነፍ ከባድ ነው፤ የዓይን ምስክሯን ይቃወማልና። ነገር ግን «በዚህ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሃያ ልጆች ታመሙ፤ ከእነሱ ስምንቱ ጥርሳቸውን ካወጡ ቆይተዋል፣ ሦስቱ ገና አልደረሱም» ማለት የሚችል ሰው የሚናገረው እሷ ስለምታውቃቸው የጎረቤት ልጆች ነው። ቁጥሩን የወሰድኩት ለምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያለው ባለሙያ ድዱ ተቆርጦ ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዘው የነበረን ልጅ ያስጥላል። ዝርዝሩ ከሌለ ግን የእርስዎ ቃል ከአዋላጇ ቃል ጋር እኩል ተቀምጦ ይመዘናል።

ነርሷ፦ እሺ፣ ስለ ክትባቱ ልጠይቅዎት። የሮታ ክትባት በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ብሎን ነበር፤ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት እየተሰጠ ነው። ዛሬ ግን በተቅማጥ የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች ካርዳቸው ላይ ሁለቱም ጠብታ ተመዝግቧል። እናት ካርዱን እያሳየች «ታዲያ ለምን ታመመ?» ስትለኝ መልስ ያጥረኛል። እርስዎ መጥተው ከመቶ ታማሚ ሰባና ሰማንያው የተከተበ ነው ብለው ሪፖርት ቢያደርጉ ክትባቱን አይገድሉትም ወይ?

መርማሪው፦ በግማሽ የተሠራ ምርመራ በእርግጥ ይጎዳዋል፤ ሙሉ ምርመራ ግን ያድነዋል። ስሌቱን በወረቀት እናስቀምጠው። በአንድ አካባቢ 1000 ሕፃናት አሉ እንበል፤ 900ው ተከትበዋል፣ 100ው አልተከተቡም። ካልተከተቡት ከመቶ 20 ታመሙ እንበል፤ 20 ልጆች ናቸው። ክትባቱ በሽታውን በ60 ከመቶ የሚቀንስ ከሆነ ከተከተቡት የሚታመሙት ከመቶ 8 ይሆናሉ፤ 72 ልጆች ናቸው። ጠቅላላ ታማሚ 92፣ ከእነሱ የተከተቡት 72። ከመቶ 78 መሆኑ ነው! ክትባቱ ከግማሽ በላይ እየተከላከለ እያለ የታማሚ ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሰው «አይሠራም» ይላል። ስለዚህ መርማሪ ካልታመሙት ጎረቤቶች መካከል ስንቱ እንደተከተበ ሳይጠይቅ ስለ ክትባት አንድ ቃል መጻፍ የለበትም። የወሰድኩት 60 ከመቶም ከአፍሪካ ልምድ የራቀ አይደለም። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሙከራ ክትባቱ ከባዱን የሮታ ተቅማጥ በጠቅላላው በ61 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በማላዊ ብቻ ሲታይ 49 ገደማ ነበር። በሀብታም አገሮች ከ85 በላይ ይደርሳል። ለእናትየዋ ያለው እውነተኛ መልስ ይህ ነው፤ ክትባቱ ሁሉንም አያስቀርም፣ ከባዱንና ገዳዩን ግን ይቀንሳል። ይህን ስንነግራት ካርዱን አትጥለውም። ፍጹም ነው ብለን ከዋሸናት ግን ልጇ በታመመ ቀን ትጥለዋለች።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአገር ደረጃ 39 ከመቶ ሲሆኑ በኦሮሚያ 25 ገደማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ፣ ወደ ነቀምትም መጡ፤ በቀጠሉት ዓመታትም በብዙ ወረዳ ግጭት የክትባት ጉዞዎችን አቋርጧል። አማካይ ቁጥር እንዲህ ያለ ክፍተትን ይሸፍናል። ወረርሽኙ ግን አይሸፍነውም። ታማሚዎቹን በካርታ ላይ ስናስቀምጣቸው ከአንድ መጠለያ ወይም ከአንድ መንደር ተሰብስበው ከተገኙ ክትባት ያልደረሰበትን ቦታ በወረርሽኙ በኩል አወቅነው ማለት ነው።

ነርሷ፦ ይህ ሁሉ ላቦራቶሪ ላለው ነው። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ ያለ ጤና ጣቢያ ሰገራን በማይክሮስኮፕ ከማየት ያለፈ የለውም። ቫይረስ በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታይም።

መርማሪው፦ አይታይም። ነገር ግን ምርመራ ከላቦራቶሪ በፊት ይጀምራል። ካፕላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት መመዘኛ ዛሬም ይሠራል። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ካስታወኩ፣ ከተጋለጡ በኋላ በአማካይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ከታመሙ፣ በሽታው ከ12 እስከ 60 ሰዓት ቆይቶ ከለቀቀ፣ ባክቴሪያም ካልተገኘ ኖሮ ቫይረስ በብርቱ ይጠረጠራል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ደብተር ነው። የሮታም ጠባይ አለው፤ ትውከትና ትኩሳት ቀድሞ ውሃማ ተቅማጥ ይከተላል፣ ደም የለበትም፣ የሚበዙት ታማሚዎች ከሁለት ዓመት በታች ናቸው። በአፍሪካ በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት መበርታት ይቀናዋል። ዝናብ በጠናበት ሐምሌ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የሚመጣና በታኅሣሥ ሕፃናትን ብቻ የሚይዝ ተቅማጥ አንድ ነገር አይደሉም፤ ያ ልዩነት የታመሙበት ቀንና ዕድሜ በትክክል ከተጻፈ ያለ ምንም ማሽን ይታያል።

ናሙናው ከዚያ ይከተላል፤ የሁሉም ታማሚ ሰገራ አያስፈልግም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ ገና ውሃማ እያለ፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ልጅ በንጹሕ ዕቃ መውሰድ ይበቃል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይያዛል፤ ክትባት በሚመላለስበት ሳጥን ግን በፍጹም አይሁን። ሮታን ኤላይዛ በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ መለየት ይቻላል፤ ነቀምት ላይ የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ አለ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ሮታ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ሲፈለግ ቆይቷል፤ ከክትባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በተቅማጥ ከተኙ ሕፃናት ናሙና ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ተገኝቷል። ያ ቅኝት የዋና ከተማ ሆስፒታል ቅኝት ነው። ወለጋን የሚያሳየን ከወለጋ የሄደ ናሙና ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኖርዎክ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሲታመሙ ባክቴሪያ ተፈልጎ ታጣ፤ ናሙናው ግን አልተጣለም። ከአራት ዓመት በኋላ ካፒኪያን የተባለው ተመራማሪ ዛሬ ኖሮ ቫይረስ የምንለውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየው ከዚያ ወረርሽኝ በተገኘ ናሙና ውስጥ ነው። ዛሬ መሣሪያ ባይኖርም በሥርዓት የተያዘ ናሙና ነገ ይናገራል።

ነርሷ፦ ተገኘ እንበል። በሰገራው ቫይረስ መገኘቱ ያሳመመው እርሱ ነው ማለት ነው? በእኛ አካባቢ ጤነኛ ልጅም በሆዱ ብዙ ነገር ይዞ ይዞራል።

መርማሪው፦ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የከበደው ይህ ነው። ጤነኛ ሕፃናት በተለይ ኖሮ ቫይረስን ሳይታመሙ ሊያወጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው በአራት የአፍሪካና በሦስት የእስያ አገሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ትልቁ የተቅማጥ ጥናት ከታማሚዎቹ ጎን ጤነኛ ጎረቤቶችን ያስመዘገበው፤ በአንድ ላይ ከ22 ሺህ በላይ ሕፃናት ነበሩ። ያ ንጽጽር ከተደረገ በኋላም በሕፃናት ላይ ሮታ በሁሉም አገሮች ጎልቶ ወጣ። እኛም በአቅማችን ለእያንዳንዱ ታማሚ በዕድሜ የሚቀራረበው አንድ ወይም ሁለት ጤነኛ የጎረቤት ልጅ መጠየቅ አለብን፤ ከቻልን ናሙናም መውሰድ።

ደግሞ ምርመራ ሁልጊዜ የጠበቁትን አያመጣም። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሕፃናት ተቅማጥ ወረርሽኝ ገጠማት፤ በሦስት ወር ከ35 ሺህ በላይ ሕፃናት ታመሙ፣ ከ500 በላይ ሞቱ። ዝናብና ውሃ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር፤ ውሃውም በእርግጥ ተበክሎ ነበር። መርማሪዎች ሆስፒታል የገቡትን ካልታመሙት ጋር ሲያነጻጽሩ ግን ሆስፒታል ከገቡት በጣም የሚበዙት ጡት የማይጠቡ ሆነው ተገኙ። ኤች አይ ቪ እንዳይተላለፍ ተብሎ የዱቄት ወተት ይሰጣቸው ነበር። በሰገራቸውም ክሪፕቶስፖሪዲየምና የባክቴሪያ ዝርያዎች ተቀላቅለው ተገኙ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የዱቄት ወተቱ የተሰጠው ከአንድ ሞት ለማዳን ነበር። ነገር ግን ሄዶ የጠየቀ ባይኖር ኖሮ ውሃው ብቻ ተጠያቂ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ወደ በከኒሳ ቀሴ ስመጣ ሮታ ነው ብዬ ደምድሜ አልመጣም። ሮታም ላይሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን፣ ሳንጠይቅ እናውቀዋለን ማለት ግን አንችልም።

ነርሷ፦ «ወረርሽኝ» የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጣል። ገበያው ይታወካል፣ ኃላፊዎች ይሸሻሉ።

መርማሪው፦ ስለዚህ ቃሉን አስቀድመን አንጠቀም። «በዚህ ሳምንት ከተለመደው በላይ ሕፃናት ታመዋል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ግን ከተለመደው በላይ ለማለት የተለመደው ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ያለፉት ዓመታት መዝገብዎ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል።

ነርሷ፦ እንግዲህ የእኔን ቅድመ ሁኔታ ይስሙ። ዕድሜውን በወር፣ የታመመበትን ቀን፣ ትውከቱን፣ ሰፈሩን፣ የሮታ ክትባቱን ከካርዱ አይቼ እጽፋለሁ፤ አምስት ዓምድ ነው፣ አይከብደኝም። ጎረቤት መጠየቁን ከኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ጋር እንካፈለዋለን። ሰገራውን ግን የምሰጥዎት ውጤቱ ወደዚህ የሚመለስ ከሆነ ብቻ ነው። እናቶቹ «የልጄ ምን ሆነ?» ብለው ይመጣሉ። ናሙና ሄዶ ዝም ሲባል ደጋግመን አይተናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ማንም አይሰጥም።

መርማሪው፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም ያለ እርሱ መጀመር አልፈልግም። በናሙናው ላይ የእርስዎ ጤና ጣቢያ መለያ ይጻፍበታል፤ ውጤቱ ለዞኑ በሚላክበት ቀን ለእርስዎም በስልክ ይነገራል። ምንም ካልተገኘም አልተገኘም ተብሎ ይነገራል። ይህን በጽሑፍ ሰጥቼዎት ካልፈረምኩበት ናሙናውን አይስጡኝ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ወረቀቱን ያምጡ። መዝገቡን ከኅዳር ጀምሮ ወደ ኋላ እናየዋለን።